ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፦ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የቀረው የጥንት ቅዝቃዜ

ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ተሳፋሪ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ 650 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ጠዋት ደሴ ላይ የደረበውን ጋቢ ወይም ጃኬት ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲደርስ ያወልቀዋል። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት በማጀትም ይታወቃል። ውሃ ደሴ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በ94 አካባቢ በመሆኑ፣ ደሴ ውስጥ ባቄላ ለመቀቀል የሚፈጀው ጊዜና ማገዶ ይበልጣል፤ ይህም የሚሆነው ከፍ ባለው ቦታ አየሩ ስለሚሳሳና ግፊቱ ስለሚቀንስ ነው። ሙቀትና የአየር ግፊት ከተራራው ወደ መሬት በሚሰርገው ውሃ ላይም ምልክታቸውን ይተዋሉ። ይህ ምልክት በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ካለፉ በኋላ እንኳ ሊነበብ ይችላል፤ የሚነበብበት መንገድና በተራራማ አገር የሚገጥመው ችግር የዚህ ጽሑፍ ርእስ ነው።

ጉዳዩ ለወሎ ሰው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። የ1966ቱና የ1977ቱ ድርቅ ያለፈበት፣ በልግ ሲዘገይ ወይም ክረምቱ ቶሎ ሲወጣ የገበሬው ኑሮ የሚናጋበት አገር፣ የአየር ንብረቱ በራሱ ባሕርይ እስከ ምን ድረስ ሊለዋወጥ እንደሚችል ማወቅ ይገባዋል። ሆኖም በአብዛኞቹ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎቻችን የተመዘገበው መረጃ ከጥቂት አሥርት ዓመታት አይዘልም። የገዳማት መዛግብትና ከአባት ወደ ልጅ የወረደው የቃል ታሪክ ስለ ረሀብና ስለ ጥጋብ ዘመን ብዙ ያስተምሩናል፤ በዲግሪ የተለካ ሙቀት ግን ልናገኝባቸው አንችልም። የሰው ልጅ ቴርሞሜትር ከመሥራቱ ብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የነበረውን ሙቀት ለማወቅ፣ ተፈጥሮ ራሷ መዝግባ ያስቀመጠችውን መፈለግ የግድ ይሆናል።

ውሃ አየርን ያሟሟል። ብረት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ገና ሳይፈላ መሞቅ ሲጀምር በድስቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ጥቃቅን አረፋዎች፣ ውሃው ሲሞቅ መያዝ ያቃተው አየር ናቸው። ከማቀዝቀዣ የወጣ አምቦ ውሃ ሲከፈት ጋዙን በአብዛኛው ይዞ የሚቆየው፣ ፀሐይ ሲመታው የዋለው ጠርሙስ ግን ገንፍሎ የሚፈሰው በዚሁ ሕግ ነው፦ ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ጋዝ ይይዛል፣ ሙቅ ውሃ ጥቂት። የዝናብ ውሃም ወደ መሬት ሲሰርግ በአፈሩና በተሰነጠቀው ድንጋይ መካከል ካለው አየር ጋር እየተነካካ ይወርዳል። ከከርሰ ምድሩ ውሃ ወለል በታች ከገባ በኋላ ግን ከአየር ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፤ በዚያች ቅጽበት የያዘው የጋዝ መጠን እንደታተመ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ጋዝ ለዚህ ንባብ አይበጅም። ኦክስጅኑን በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ይጠቀሙበታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከአለቱ ጋር ይዋሃዳል፤ የናይትሮጅኑም መጠን በሕዋሳት ሥራ ይለወጣል። ታማኝ ሆነው የሚቆዩት ከምንም ነገር ጋር የማይዋሃዱት፣ ኬሚስቶች ኖብል ጋዞች የሚሏቸው ኒዮን፣ አርጎን፣ ክሪፕተንና ዜኖን ናቸው። አርጎን ከምንተነፍሰው አየር 0.93 በመቶውን ይይዛል፤ ዜኖን ግን እጅግ ጥቂት በመሆኑ በ10 ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች መካከል አንድ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ለሙቀት ከሁሉም በላይ ስሜታዊ የሆነው ይኸው ዜኖን ነው። ውሃ ከ10 ወደ 20 ዲግሪ ሲሞቅ ሊይዘው የሚችለው ዜኖን በሩብ ያህል ሲቀንስ፣ የኒዮን ቅነሳ ግን ከአሥር በመቶ በታች ነው። የዘዴው ጉልበት ያለውም በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ አንዱ ጋዝ ለሙቀት ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ስለሚመልስ፣ አራቱን አንድ ላይ የለካ ተመራማሪ ውሃው በሰረገበት ጊዜ የነበረውን ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ስሕተት ሊያሰላ ይችላል።

የሚገኘው ሙቀት የአንድ ቀን ወይም የአንድ ሌሊት አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ከመሬት ገጽ ጥቂት ሜትሮች ዝቅ ሲባል የቀንና የሌሊቱ፣ የበጋና የክረምቱ መለዋወጥ እየደበዘዘ ይሄድና ሙቀቱ በአካባቢው ከሚታየው የዓመት አማካይ ጋር ይቀራረባል። በጥልቅ ዋሻ ወይም በጉድጓድ ውስጥ አየሩ ዓመቱን ሙሉ ተመሳሳይ መስሎ የሚሰማንም ለዚህ ነው። ውሃው ይዞት የሚሄደውም ይህንኑ አማካይ ነው፤ የአየር ንብረትን ለሚያጠና ሰው ደግሞ ከአንድ ቀን ልኬት ይልቅ የሚያስፈልገው አማካዩ ነው።

ዘዴው በዓለም ደረጃ ትልቅ ክርክር ፈትቷል። ከ20,000 ዓመታት በፊት ገደማ፣ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ጫፍ በደረሰበት ጊዜ፣ ሞቃታማው የምድር ክፍል ምን ያህል ቀዝቅዞ ነበር የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሳይንቲስቶችን አከራክሯል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ክላይማፕ የተባለው ትልቅ የጥናት ፕሮጀክት ከባሕር ግርጌ በተወሰዱ ቅሪቶች ተመሥርቶ ሞቃታማው ውቅያኖስ የቀዘቀዘው ብዙውን ቦታ ከ2 ዲግሪ ባነሰ ነው ብሎ ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. ግን ማርቲን ሽቱተና ባልደረቦቹ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚገኝ የከርሰ ምድር ውሃ የለኳቸው ኖብል ጋዞች የ5 ዲግሪ ያህል ቅዝቃዜ አሳዩ። ይህን ያህል ልዩነት እንደ ዋዛ የሚታለፍ አልነበረም፤ ምክንያቱም በዚያን ዘመን በአየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን ቅንጣቶች 190 ያህል ብቻ ስለነበረ፣ ምድሪቱ በዚያ መጠን ምን ያህል እንደቀዘቀዘች ማወቅ፣ መጠኑ ከ420 በላይ በሆነበት በእኛ ዘመን ምን ያህል እንደምትሞቅ ለመገመት አንዱ መሠረት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. አለን ሴልትዘርና ባልደረቦቹ ከስድስት አህጉራት በአራት አሥርት ዓመታት ውስጥ የተሰበሰበውን ልኬት አንድ ላይ አድርገው ሲያሰሉ፣ ከምድር ወገብ ዙሪያ እስከ መካከለኛው ኬክሮስ ድረስ ያለው ዝቅተኛ መሬት በአማካይ 5.8 ዲግሪ ቀዝቅዞ እንደነበር አገኙ።

ይህንን ቁጥር ወደ እኛ አገር አነጋገር ብንመልሰው ትርጉሙ ጎልቶ ይታያል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአንድ ኪሎ ሜትር በ6.5 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስ ከወሰድን፣ የ5.8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ማለት የአየር ጠባይ ቀጠናዎች ሁሉ 900 ሜትር ያህል ወደ ታች ወረዱ ማለት ነው። 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ያለችው ወይና ደጋዋ ኮምቦልቻ ከዛሬዋ ደሴ የበለጠ በቀዘቀዘች ነበር። 2,500 ሜትር አካባቢ ያለችው ደሴም ዛሬ በ3,400 ሜትር ላይ ያለ ሰው የሚያውቀውን፣ ገብስ እንኳ የሚቸገርበትን ውርጭ በቀመሰች ነበር። ስሌቱ ለዓለም ዝቅተኛ መሬት የተገኘውን አማካይ በተራራችን ላይ ስለጫነ ግምት ብቻ ነው፤ ቢሆንም በባሌና በሰሜን ተራሮች በበረዶው ዘመን ግግር በረዶ እንደነበረ ድንጋዩና ኮረቱ የሚመሰክሩ በመሆኑ፣ የኢትዮጵያ ደጋ ብርቱ ቅዝቃዜ እንዳለፈበት ጥርጥር የለውም። የሚቀረው ጥያቄ የመጠኑ ነው፤ ተራራው ከቆላው እኩል ቀዘቀዘ ወይስ አብልጦ? ይህ መልስ ለነገውም ያስፈልጋል፤ ተራራው ከቆላው አብልጦ የሚሞቅ ከሆነ፣ የጤፉና የገብሱ ወሰን የሚሸሽበት ፍጥነት ሌላ ይሆናልና።

ለዚህ ጥያቄ የተራራ ውሃ ተፈላጊ ሆኖ ሳለ፣ ዘዴው ከምንም በላይ የሚቸገረው ደግሞ በተራራ ነው። ምክንያቱ ጽሑፉ ሲጀምር የተነሣው ግፊት ነው። ውሃ የሚይዘው ጋዝ ከላዩ ካለው አየር ግፊት ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። የደሴ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ፣ የኮምቦልቻው ደግሞ አራት አምስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ የዝናብ ጠብታ በኮምቦልቻ ፈንታ በደሴ ወደ መሬት ቢሰርግ፣ በግፊቱ መቀነስ ምክንያት ሁሉም ጋዞች በ8 በመቶ ያህል ያንሱበታል። በሌላ በኩል ደሴ በ4 ዲግሪ ገደማ ስለምትቀዘቅዝ ዜኖኑ በ12 በመቶ ያህል ይጨምራል። አንዱ የሰጠውን ሌላው እየወሰደበት፣ ከሁለቱ ከተሞች የተወሰደው ውሃ በዜኖን መጠኑ ብቻ ሲታይ ተቀራራቢ ሆኖ ይገኛል። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ደግሞ እዚያው ሜዳ ላይ የሰረገ ሊሆን ይችላል፣ ከሐረጎ ወገብ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ከደሴ በላይ ካለው ከጦሳ ተራራ ሸንተረር ወርዶ በባዛልቱ፣ ማለትም በእሳተ ገሞራው ድንጋይ፣ ስንጥቅ ውስጥ ዘመናት የተጓዘም ሊሆን ይችላል። የሰረገበትን ከፍታ በ650 ሜትር የሳተ ተመራማሪ፣ ሙቀቱን ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ይስታል። ይህ ከበረዶው ዘመን ቅዝቃዜ ግማሽ ያህል ነውና፣ እንዲህ ባለ ስሕተት ላይ የአየር ንብረት ታሪክ መጻፍ አይቻልም።

ይህንን ቋጠሮ ለመፍታት የደሴና የኮምቦልቻ አቀማመጥ ራሱ ያግዛል። ከጦሳ ግርጌ አንሥቶ እስከ ቦርከና ሸለቆ ድረስ በተለያየ ከፍታ ላይ ምንጮች አሉ። ከእነዚህ መካከል ውሃቸው ወጣት የሆነውን፣ ማለትም ባለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት የዘነበውን፣ በየከፍታው ለክቶ ዛሬ ሙቀትና ከፍታ በዚህ ተራራ ላይ በምን መስመር እንደሚሄዱ ማስቀመጥ ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚለካ ጥልቅ ውሃ በዚህ መስመር አንጻር ይታያል፤ ከመስመሩ ላይ የወደቀ ውሃ በዛሬው ዓይነት የአየር ንብረት የሰረገ ነው፣ ከመስመሩ በብርቱ ወደ ቅዝቃዜ የሸሸ ግን የሌላ ዘመን ውሃ ነው ተብሎ ሊጠረጠር ይገባዋል። ከዚህም የበለጠ አስተማማኝ ሆኖ የሚታየኝ፣ ከአንድ የስርገት ቦታ ተነሥቶ በአንድ አቅጣጫ የሚሄደውን ውሃ በተከታታይ ጉድጓዶች ለክቶ፣ ወጣቱንና አሮጌውን እርስ በርስ ማነጻጸር ነው። ሁለቱም ከአንድ ከፍታ የመጡ ከሆነ በከፍታው ግምት ላይ ያለው ስሕተት ለሁለቱም እኩል ስለሆነ፣ ልዩነታቸው ሲወሰድ አብዛኛው ስሕተት ይጠፋል፤ የሚቀረው ሙቀቱ የተለወጠበት መጠን ይሆናል።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው አንድ ነገር አለ። ተራራው ራሱ በ20,000 ዓመታት ውስጥ ከቁጥር የሚገባ የከፍታ ለውጥ አያደርግም፤ ውሃው የሚሰርግበት ቦታ ግን ሊለወጥ ይችላል። በደረቅ ዘመን ዝቅተኛው መሬት ያገኘው ጥቂት ዝናብ በፀሐይ ተንኖ ሲያልቅ፣ ወደ መሬት የሚሰርገው ውሃ ደጋው ላይ የወረደው ብቻ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በጉድጓዱ የተገኘው ቅዝቃዜ ከፊሉ የዘመኑ፣ ከፊሉ የከፍታው ይሆናል። ሁለቱን ሳይለይ ውጤት የሚያወጣ ጥናት ቅዝቃዜውን ማጋነኑ አይቀርም፤ ከተራራ ውሃ የተገኘ ቁጥር ሁሉ በዚህ ጥርጣሬ መፈተሽ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከፍታውን ለመለየት በሌላ አገር በብዛት የሚያገለግለው መንገድ የውሃውን ኦክስጅንና ሃይድሮጅን አይሶቶፖች፣ ማለትም የአንዱን ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ ዓይነቶች፣ መለካት ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የዝናቡ ውሃ በከባዱ ኦክስጅን እየደኸየ ስለሚሄድ፣ ውሃው ከየት ከፍታ እንደመጣ ያመለክታል። በኢትዮጵያ ግን ይህ መንገድ ጥንቃቄ ይሻል። በአዲስ አበባ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሰበሰበው የዝናብ ናሙና የሚያሳየው፣ የደጋችን ዝናብ ከከፍታው አንጻር ከሚጠበቀው በላይ ከባድ ኦክስጅን እንደሚይዝ ነው። በተጨማሪም በሞቃታማው አገር የአይሶቶፑን መጠን የሚወስነው ከሙቀቱ ይልቅ የዝናቡ ብዛትና እርጥበቱ የመጣበት አቅጣጫ ነው። አይሶቶፑ ስለዚህ ለእኛ ከሙቀት ይልቅ የዝናብ ምስክር ነው፤ ሙቀቱን ለብቻው የሚናገረው ኖብል ጋዙ ነው።

ኖብል ጋዙም ቢሆን ስለ ዝናብ የሚለው ነገር አለው። ክረምት ሲገባ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወለል ከፍ ይላል፤ ወለሉ ከፍ ሲልም በአፈሩና በስንጥቁ ውስጥ የነበሩ የአየር አረፋዎችን ሳይለቅ ከሥሩ ያስቀራል፣ በክብደቱም ተጭኖ ያሟሟቸዋል። በዚህ ምክንያት በአብዛኛው የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ በሕጉ ከሚጠበቀው በላይ አየር ይገኛል። ትርፍ አየር የሚባለው ይህ መጠን በተለይ በኒዮን ይታወቃል፣ ኒዮን ለሙቀት ብዙም ስለማይመልስ። ሙቀቱን ለማስላት ትርፉ ተለይቶ መቀነስ ያለበት እንቅፋት ነው፤ ነገር ግን ትርፉ ራሱ የውሃው ወለል በየዓመቱ ምን ያህል ይወጣና ይወርድ እንደነበር ይጠቁማል። ረጅም በጋና ድንገተኛ ከባድ ዝናብ በተፈራረቁበት ዘመን ወለሉ ብዙ ይዋዥቃል፤ ዝናቡ በተስተካከለበት ዘመን ደግሞ መዋዠቁ ይቀንሳል። በልግና ክረምት የሚፈራረቁባት ወሎ ላይ ይህ ምልክት ከሙቀቱ ባልተናነሰ ሊጠና ይገባዋል።

ሙቀቱ ቢታወቅም የመቼ እንደሆነ ካልታወቀ ዋጋ የለውም። ለወጣቱ ውሃ የሚያገለግለው ትሪቲየም የተባለው ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን ነው፤ በኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች ምክንያት በአየር ውስጥ ያለው መጠን በ1963 እ.ኤ.አ. ጫፍ ደርሶ ስለነበር፣ ትሪቲየም የተገኘበት ውሃ ቢያንስ ከፊሉ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የዘነበ ነው። ለአሮጌው ውሃ የተለመደው መለኪያ 5,730 ዓመት ግማሽ ዕድሜ ያለው፣ ማለትም በዚህ ጊዜ ውስጥ ግማሹ በስብሶ የሚያልቀው፣ ራዲዮአክቲቩ ካርቦን 14 ነው። የወሎ ተራሮች ግን በአፋር ስምጥ ጠርዝ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ከጥልቅ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ውሃው ሲቀላቀል ምንም ካርቦን 14 ስለማይኖረው፣ ወጣቱን ውሃ ያረጀ አስመስሎ ያሳያል። ይኸው ጋዝ በአረፋ መልክ ሲወጣ ደግሞ ኖብል ጋዞቹን ጠራርጎ ስለሚወስድ፣ አረፋ ከሚያወጣ ምንጭ የተቀዳ ናሙና ሞቃት ዘመንን አስመስሎ ያሳስታል። ሂሊየምም በበኩሉ እዚህ አገር ለሙቀት ንባብ አይታመንም፤ ከአለቱ የዩራኒየምና የቶሪየም መበስበስ የሚወጣው ሂሊየም በውሃው ውስጥ ይጠራቀማል፣ በስምጡ አካባቢም ከምድር ጥልቅ የሚወጣ፣ ከአየሩ ብዙ እጥፍ ሂሊየም 3 የያዘ ጋዝ ይገባበታል። በዚህ አገር ለዕድሜ ይበልጥ የሚታመነው፣ ከአለቱም ሆነ ከጥልቁ ጋዝ የማይበከለውና ግማሽ ዕድሜው 229,000 ዓመት የሆነው ክሪፕተን 81 ነው። ለ20,000 ዓመት ግን ግማሽ ዕድሜው እጅግ ረጅም ስለሆነ፣ ካርቦን 14ን በጥንቃቄ አርሞ አብሮ መጠቀም ግድ ነው።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው፣ ስሟም ሐይቅ የሆነው ሐይቅ በዚህ ውስጥ ድርሻ አላት። የውሃዋ መጠን ዝናቡን ተከትሎ የሚጨምርና የሚቀንስ በመሆኑ፣ ከግርጌዋ የሚወጣው ደለል በተመራማሪዎች ሲጠና ቆይቷል። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ሐይቆች ደለል ውስጥ የተገኘው የአበባ ብናኝ ባለፉት 3,000 ዓመታት ደኑ እንዴት እንደተመነጠረና እንዳገገመ አሳይቷል፤ የጣና ደለል ደግሞ ሐይቁ ከ18,700 እስከ 16,700 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ደርቆ እንደነበር መስክሯል። ደለሉ የሚያስረዳው ግን እርጥበትና ትነት አንድ ላይ የፈጠሩትን ውጤት ነው። ጣና የደረቀው ዝናቡ ስለጠፋ ብቻ ነው ወይስ የሙቀቱ ሁኔታም አግዞታል ለሚለው ጥያቄ ሙቀቱን ለብቻ የሚሰጥ ምስክር ያስፈልጋል፤ በቅዝቃዜ ውስጥ ትነት ስለሚቀንስ፣ ከ5 ዲግሪ በላይ በቀዘቀዘ አገር ሐይቅ እንዲደርቅ የዝናቡ መጥፋት እጅግ የከፋ መሆን አለበት። የከርሰ ምድሩ ጋዝና የሐይቁ ደለል ጎን ለጎን ሲነበቡ እንዲህ ያለውን መልስ ይሰጣሉ።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው ግን ጉድጓዱ ሲቆፈር በሚደረገው ነገር ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የበዙባት፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት፤ ደሴም ሕዝቧ እየበዛ ነው፤ የሁለቱም የውሃ ፍላጎት እያደገ መሄዱ አይቀርም። ጉድጓድ በተቆፈረ ቁጥር በጥልቀት ተለያይተው የኖሩ ውሃዎች ይገናኛሉ። ወንፊት ያለው ቧንቧ ከላይ እስከ ታች በብዙ ንብርብር ላይ የተዘረጋ እንደሆነ፣ ትናንት የዘነበው ውሃና የጥንቱ ውሃ በአንድ ፓምፕ ተቀላቅለው ይወጣሉ፤ የተቀላቀለውን ደግሞ መልሶ መለየት አይቻልም። አንድ ጉድጓድ ለብዙ ዓመት በኃይል ከተሳበ በኋላ ወጣቱ ውሃ ወደ ጥልቁ እየተሳበ የአሮጌውን ቦታ ይይዛል። እንዲህ ያለው ውሃ ለመጠጥ ይሆናል፤ ለንባብ ግን ጠፍቷል።

ለንባብ የሚሆን ናሙና ለመውሰድ የሚያስፈልገው ከባድ ነገር አይደለም። ባለሙያዎች የሚጠቀሙት ቀጭን የመዳብ ቱቦ ነው፤ ውሃው አየር ሳይነካው፣ አንዲት አረፋም ሳትገባበት በቱቦው ውስጥ በብዛት እንዲፈስ ከተደረገ በኋላ ሁለቱ ጫፎች በብረት መቆንጠጫ ተጨምቀው ይዘጋሉ። ጊዜውን መምረጥ ግን ወሳኝ ነው። ጉድጓዶች ብዙ ጊዜ የሚቆፈሩትና የሚታጠቡት በኮምፕሬሰር አየር ስለሆነ፣ በዚያን ሰሞን የተቀዳ ውሃ የኮምፕሬሰሩን አየር ይዞ ይወጣል፤ ትክክለኛው ሰዓት ፓምፑ ተተክሎ ለመጨረሻው የፓምፕ ፍተሻ ለብዙ ሰዓት ከሠራ በኋላ ነው። ከቱቦው ጋር አብሮ መመዝገብ ያለበት የጉድጓዱ ከፍታና ጥልቀት፣ ወንፊቱ ከስንት እስከ ስንት ሜትር እንደተተከለ፣ በዕለቱ ውሃው የነበረው ሙቀትና አረፋ መኖር አለመኖሩ ነው። በሁለቱም ጫፍ የተዘጋ የመዳብ ቱቦ ጋዙን ሳይለቅ ለዓመታት ሊቀመጥ ስለሚችል፣ የሚለካበት ማስ ስፔክትሮሜትር በዚያ ቀን ደሴ ላይ መገኘቱ ግድ አይልም፤ ግድ የሚለው ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት ሁለት መቆንጠጫ የያዘ አንድ ሰው ጉድጓዱ አፍ ላይ መገኘቱ ነው።